ዛፍ ሲታለብ

(ምስል፦ በረዶ የለበሰ ጫካ፤ ከግንድ ወደ ባልዲ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ)

ውሃ ይመስላል። ቀምሳችሁትም ውሃ ነው ብላችሁ ትምሉ ይሆናል፤ ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከመቶ እጅ ሁለቱ ገደማ ብቻ ስኳር ነውና። ይህ ሜፕል ከሚባል ዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ሲፈላ ወፍራምና ጣፋጭ ሽሮፕ ይሆናል።

ያለነው በአሜሪካዋ የቬርሞንት ግዛት፣ በየካቲት ማብቂያ ነው። ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቀን ወደ 5 ዲግሪ ይሞቃል። የሜፕል ዛፍ የሚታለበው በዚህ ፍርርቅ ነው። ሌሊት ግንዱ ሲቀዘቅዝ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ዛፉም ከሥሩ ውሃ ይስባል። ረፋድ ላይ በረዶው ሲሟሟ አየሩ መልሶ ይለጠጥና ፈሳሹን ይገፋዋል። ብርድ የሌላቸው ሌሊቶች ከተከታተሉ ግን ባልዲው ባዶውን ይውላል። የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የአቤናኪ ሕዝቦች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ይህን ሥራ ያውቁት ነበር። ዛሬ ከዓለም የሜፕል ሽሮፕ ምርት 70 በመቶ ገደማው የጎረቤቷ የካናዳዋ ኩቤክ ነው።

(ምስል፦ መሰርሰሪያ በቅርበት)

የግንዱ ውፍረት ከ25 ሳንቲ ሜትር ካነሰ አትንኩት፤ ገና ልጅ ነው። ቀዳዳው ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ፈሳሹ ወደ ውጭ እንዲወርድ መሰርሰሪያው ትንሽ ሽቅብ ያያል። አሁን የሚወጣውን ፍቅፋቂ ተመልከቱ። ነጣ ካለ እንጨቱ ሕያው ነው፤ ቡናማ ከሆነ ሙት ነውና ሌላ ቦታ ፈልጉ። ፈሳሹን ወደ ባልዲው የምታወርደውን ማፍሰሻ ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ድምፁ ሲደፈን አቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

(ምስል፦ እንፋሎት የዋጠው ዳስ)

የቀረው ውሃውን ማባረር ነው። ለ1 ሊትር ሽሮፕ 40 ሊትር ገደማ ይፈላል። ማድ ቤቴ ውስጥ ልሞክረው የሚል ሰው፣ ያ ሁሉ እንፋሎት ኮርኒሱ ላይ እንደሚያርፍ ይወቅ። ስለዚህ ደጅ፣ በሰፊ ጠፍጣፋ ድስት፣ በእንጨት እሳት ይፈላል። ሊገነፍል ሲል አንዲት ጠብታ ቅቤ ጣል ይደረግበታል፤ አረፋው ወዲያው ይተኛል። ወተት ገንፍሎበት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይቀናል።

ሙቀቱ ከውሃ መፍያ በ4 ዲግሪ ሲበልጥ ደርሷል። ቴርሞሜትር የሌለው ማንኪያ ያነሣል፦ ጠብ ጠብ ማለቱን ትቶ፣ ጠብታዎቹ ተያይዘው ከማንኪያው ጠርዝ እንደ መጋረጃ ሲንጠለጠሉ ድስቱ ይወጣል።

(ምስል፦ ቅርንጫፍ ላይ ያበጠ እምቡጥ)

እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር የፈሳሹ ጣዕም ይበላሻል፤ ማፍላትም አያድነውም። ማፍሰሻዋ ትነቀላለች። ቀዳዳውን መድፈን አያስፈልግም፤ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል። የሚመጣው ዓመት ቀዳዳ ግን ከዚህ ጠባሳ ራቅ ብሎ ይበሳል።