ስም ሆኖ ገብቶ ስድብ ሆኖ የወጣ ቃል

የተከበራችሁ መምህራን፣ የዘንድሮ የጋዜጠኝነት ተመራቂዎች፣ ወላጆችና እንግዶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ነገ ማይክሮፎን ለምትይዙ፣ ነገ ጽሑፋችሁ በሺህ ሰው ፊት ለሚነበብ ልጆች መናገር የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለኝ። አንድን ሥራ፣ አንድን ተቋም ወይም አንድን አቋም ለመጥራት ብቻ የተፈጠረ የፖለቲካ ቃል እንዴት ስድብ ይሆናል? ስድብ ከሆነስ በኋላ በሰው ላይ ምን ያደርሳል?

ደርግ የግእዝ ቃል ነው፤ ኮሚቴ፣ ሸንጎ እንደ ማለት ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የጦር ኃይሎች፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ተወካዮች አራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው ኮሚቴያቸውን በዚህ ስም ሲያቋቁሙ በቃሉ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ኮሚቴውን ደርግ ብሎ የሚሰይም ማኅበር የለም። ባንዳም ቢሆን ጣሊያን ከአገሬው ሰው ለሚመለምላቸው ተዋጊዎች የሰጠው የጦር ክፍል ስም ነበር፤ በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከወራሪው ጎን የተሰለፉት የሠሩት ሥራ ቃሉን አከፋው። በእነዚህ ቃላት ላይ ቅሬታ የለኝም። የከፉት የጠሩት ሥራ ስለከፋ ነው፤ ሕዝብ አይቶ ፈርዶባቸዋል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላው መንገድ ነው። እዚያ ቃሉ የሚከፋው በተናጋሪው ፍላጎት ነው፤ ፍርዱ ከምርመራው ይቀድማል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነውን ተመልከቱ። ደርግን የሚቃወመው የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ማርክሳዊ ሌኒናዊ ድርጅት ነበር፤ ይጠይቅ የነበረውም ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ነው። አናርኪዝም ደግሞ መንግሥት የሚባል ነገር ጨርሶ አይኑር የሚል፣ በአውሮፓ የራሱ ፈላስፎችና ማኅበራት የነበሩት፣ ከማርክስ ተከታዮችም ጋር በብርቱ የተጣላ አስተሳሰብ ነው። ደርግ እንግዲህ «መንግሥት ይቋቋም» የሚለውን ወጣት «አናርኪስት»፣ ማለትም «መንግሥት አይኑር ባይ» ብሎ ጠራው። ቃሉና ሰውየው ፈጽሞ የማይገናኙ መሆናቸውን የሚያውቁ የተማሩ ሰዎች በከተማው ሞልተው ነበር፤ ግን ማስረዳቱ ትርጉም አልነበረውም። በሬዲዮ «አናርኪስት» ሲባል ሰሚው የሚረዳው «ሊገደል የሚገባው» የሚለውን ብቻ ነበርና። በመንገድ ላይ በተጣሉ አስከሬኖች ላይ መፈክር ይለጠፍ ነበር። ልጄ ምን አደረገ ብላ ለምትጠይቅ እናት የሚሰጣት መልስ ስሙ ብቻ ነበር፤ ቀን የለው፣ ቦታ የለው፣ ምስክር የለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህ የመንግሥት ብቻ ጥፋት አልነበረም። በአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ ያደጉት የኢሕአፓና የተቀናቃኙ ድርጅት የመኢሶን ወጣቶችም እርስ በርስ የተጠራሩባቸው ስሞች ለውይይት በር የሚከፍቱ አልነበሩም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ነፍጠኛ የሚለው ነው። ነፍጥ ጠመንጃ ነው፤ ነፍጠኛም ጠመንጃ ታጣቂ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ የዘመተው ወታደር ደመወዙ በገንዘብ አይከፈለውም ነበር። ገባር ይሰጠዋል፤ ገባሩም እህሉንና ጉልበቱን ይገብርለታል። ስለዚህ በቤተ መንግሥት የማዕረግና የሥራ ስም የሆነው ቃል፣ በገባሩ ጆሮ ከመጀመሪያውም ቀላል አልነበረም። ይህን መሸሸግ አይገባም። አንድን ቃል «ማንንም አይነካም» ከማለታችን በፊት የማንን ጆሮ ጠይቀን ነው? የገባሩ የልጅ ልጅ በደሉን በስሙ የመጥራት መብት አለው።

ነገር ግን የገባር ሥርዓት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቀርቷል፤ ጭሰኝነትንም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አስወግዶታል። ዛሬ ይህ ስም የሚወረወርበት ማን ነው? ጠመንጃ ጨብጦ የማያውቅ፣ ገባር አይቶ የማያውቅ ገበሬ። ሻይ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት። የሥርዓት መጠሪያ የነበረው የትውልድ መጠሪያ ሆነ። ሥርዓትን የከሰሰ ሰው በመዝገብ፣ በውል፣ በምስክር መሟገት ይችላል፤ በእናት አባቱ የተወነጀለ ሰው ግን ምን ብሎ ያስተባብላል? ስሙ የተወረወረባቸው ሰዎች ከቀዬአቸው ተፈናቅለዋል፤ የተገደሉም አሉ።

ኪራይ ሰብሳቢ የሚለው ቃል ያመጣው ጉዳት ሌላ ዓይነት ነው። ከኢኮኖሚክስ የመጣ ነው። አን ክሩገር የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ነጋዴዎች አዲስ ሀብት ከመፍጠር ይልቅ የአስመጪነት ፈቃድ ለማግኘት ሲሻሙ አገር ምን ያህል እንደምትከስር የህንድንና የቱርክን ሁኔታ አንሥተው አሳይተዋል። ለእኛ በጣም የሚያስፈልገን ሐሳብ ነበር! በኢሕአዴግ ዘመን ግን ከስብሰባ ስብሰባ ሲንከባለል ቆይቶ፣ አለቃውን ያስቀየመ ሠራተኛ፣ ጥያቄ ያበዛ መምህር፣ በግምገማ ሊወርድ የተፈለገ ሹም ሁሉ መጠሪያው ሆነ። በእውነት በፈቃድና በመሬት የሚነግደው ሰውም ያንኑ ቃል እየጮኸ ከስብሰባው መሐል ተቀመጠ። በዳዩን ለይተን የምንጠራበት ቃል ከእጃችን ወጣ።

ጠባብ፣ ትምክህተኛ፣ ጽንፈኛ፣ ካድሬ፤ በእያንዳንዱ ላይ ማውራት ይቻል ነበር፤ ጊዜ የለኝም። ስለ አንዱ ብቻ ልጨምር።

ጁንታ በስፓኒሽ ጉባኤ፣ ሸንጎ ማለት ነው፤ ከደርግ ጋር ወንድማማች ቃል ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ጦርነት ወቅት የሕወሓት አመራር በዚህ ስም ተጠራ። በወራት ውስጥ ትግርኛ በመናገራቸው ብቻ በታክሲ፣ በሥራ ቦታ፣ በጎረቤት ፊት በዚያ ስም የተጠሩ ሰዎች ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአሸባሪነት ፈረጀ፤ ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ ደግሞ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ፍረጃውን አነሣ። በሕግ የተሰጠ ስም በሕግ ይነሣል። ጁንታ ተብላ በጎረቤቶቿ ፊት የተሸማቀቀችው ሴት ግን ስሟን የሚያጸዳላት የትኛው ምክር ቤት ነው? ድምፅ ያልተሰጠበትን ነገር በድምፅ መሻር አይቻልም።

ልጆቼ፣ ሥራችሁ እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ የተቃዋሚ መሪ ሰዎችን በስም ብቻ ሲፈርጅ፣ ስሙን ተቀብላችሁ የዜናችሁ አርእስት አታድርጉት። በእሱ አፍ፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ጠይቁት፦ ማን? ምን አደረገ? የት? መቼ? በምን ማስረጃ? ከመለሰ መልሱን ጻፉ፤ ካልመለሰም ተጠይቆ አለመመለሱን ጻፉ። የምትደግፉት ወገን ሲሳደብም ይህንኑ ጠይቁ፤ ያን ቀን ጥያቄው ከጉሮሯችሁ አልወጣ ይላችኋል፣ የቅርብ ወዳጆቻችሁም ይቆጡባችኋል፣ እናንተንም በአንዱ ስም ይጠሯችኋል። ቢሆንም ጠይቁ።

አመሰግናለሁ።