ገና በጠራራ ፀሐይ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፣ ያዘጋጀሁት ጥያቄም የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። ያለሁት አራት ኪሎ፣ እናቴ ቤት፣ ድሮ ከእህቴ ጋር የምንተኛባት ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው። ማይኩን ትራስ ላይ አስደግፌዋለሁ። ከጀርባ የምትሰሙት ድምፅ የቤተ ክርስቲያን ነው። የገና ዋዜማ አይደል፣ ማኅሌቱ ተጀምሯል። መስኮቱን ዘግቼ ልቀንሰው እችል ነበር፣ ግን ይሁን ብዬ ተውኩት።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሜልቦርን ሁለት ዓመት ተምሬ ነው የመጣሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ትምህርቱ ነው፣ ስለ ቤት ኪራዩ ነው፣ ካንጋሮ አይተሽ ታውቂያለሽ ነው። ስለ ገናው የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ብቻ ምረጪ ብባል የመጀመሪያውን ገና ነው የምመርጠው። ደስ ስላለኝ አይደለም። እስከ ዛሬ ስለማይለቀኝ ነው።

አውስትራሊያ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ወቅቱ የተገለበጠ ነው። ታኅሣሥና ጥር የሙቀት ወራት ናቸው፤ ሜልቦርን ላይ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ይህንን ጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ተምሬዋለሁ። መማርና ታኅሣሥ ላይ ላብ በጀርባ ሲንቆረቆር ግን አንድ አይደሉም።

እህቴ ለእማዬ «እዚያ አሁን ሰመር ነው» ብላ ነገረቻት። በእኛ አፍ ደግሞ ሰመር ማለት ክረምት ነው፤ የክረምት ትምህርት፣ የክረምት ዕረፍት ስንል ሐምሌና ነሐሴን ነው። እና እማዬ ስልኩን ተቀብላ ሰላምታውን ሳትጨርስ «ጃንጥላ አለሽ? ቤቱ አያፈስም?» አለችኝ። «ኧረ እማዬ፣ ክረምት አይደለም፣ በጋ ነው።» «በጋማ እዚህም በጋ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በጋ የሚገባው ታኅሣሥ 26 ነው፣ ስለዚህ ገና የሚውለው በጋ በገባ በአራተኛው ቀን ነው። በስም ከሄድን ሁለታችንም በጋ ላይ ነበርን። ግን የአዲስ አበባን የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ። ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ገና ማለት ለእኔ ያ ብርድ ነው። ነጠላ ላይ ጋቢ ደርበሽ፣ ጣቶችሽ ጧፉ ላይ ደንዝዘው፣ ከአፍሽ እንፋሎት እየወጣ፣ የግቢው ድንጋይ ከእግርሽ በታች በረዶ ሆኖ ሌሊቱን መቆም። ከዚያ ቤት ገብተሽ የዶሮው ሽታ ከነሙቀቱ ፊትሽን ሲመታሽ። ብርዱን ካወጣሽው ያ ሙቀት ምንም አይደለም። ይህንን ሄጄ እስክቀር ድረስ አላወቅኩትም ነበር። የሚናፍቀኝ ምግቡ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለ እነሱ ገና ልንገራችሁ። የእነሱ ታኅሣሥ 16 ቀን ላይ ነው የሚውለው። ሥራ ቦታ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ትልቅ ሴት ቤቷ ጋበዘችኝ። ብቻሽን አትዋዪም ብላ ነው፣ ደግ ሴት ናት። ጓሮ ውስጥ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ሥጋው ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ ሽሪምፑ በበረዶ ላይ ተከምሯል፣ ወንዶቹ በቁምጣ ናቸው፣ ልጆቹ የዋና ልብስ ለብሰው ውሃ ይረጫጫሉ። ሁሉም ራሱ ላይ የወረቀት ዘውድ አድርጓል። በስልክ የከፈቱት ዘፈን ግን ስለ በረዶና ስለ ክረምት ብርድ ነው። የፖስታ ካርዱም ላይ ያለው በረዶ ነው። አያቶቻቸው ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡት ነው፣ እዚያ የታኅሣሥ በረዶ ስላለ።

እኔ ደግሞ በጾም ላይ ነኝ። ኅዳር 15 የገባው ጾም ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ሽሮ በዕቃ ይዤ ሄጄ ነበር፤ እሷም በቆሎ ጠብሳ፣ ሰላጣውን ለብቻ አድርጋ አስቀምጣልኛለች። ለምን እንደማልበላ አንድ በአንድ አስረዳሁ። «የእኛ ገና ከዛሬ 13 ቀን በኋላ ነው፣ የቀን አቆጣጠራችን ይለያል» እያልኩ፣ አንዱ ሲጠግብ ሌላው እየጠየቀ።

እዚያ ሁሉ መሀል አንድ ልጅ ነበረች፣ 6 ወይም 7 ዓመት ቢሆናት ነው። የወረቀት ዘውዷ በውሃ ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ እናቷ ትከሻዋ ላይ የፀሐይ ክሬም ትቀባታለች። ክሬሙ የኮኮናት ሽታ አለው። እኔ እያየኋት ነበር። ለዚህች ልጅ የገና ሽታ ማለት ይሄ ነው አልኩ በልቤ። አድጋ አንድ ቀን አውሮፓ ብትሄድ፣ በረዶ በሚዘንብበት ከተማ ገና ቢደርስባት፣ ዘፈኑም ካርዱም እንደሚለው ሆኖ ሳለ፣ ይህንን የኮኮናት ክሬም ነው የምትፈልገው። ያኔ ትንሽ ቀለለኝ። ምክንያቱን አሁንም በደንብ መናገር አልችልም።

ከዚያ የእኛው ዋዜማ መጣ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ዶሮ እንሥራ ተባባልን። ቅቤ የለንም። እማዬ ያነጠረችውን ሁለት ማሰሮ ሙሉ ቅቤ ሻንጣዬ ውስጥ ከትታልኝ ነበር፣ ስገባ ኤርፖርት ላይ ቀረ። አልሸሸግኩም፣ ፎርሙ ላይ ሞልቼ ነው የገባሁት። ከእኛ አገር የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም፤ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ አገራቸው ስለሌለ ይፈራሉ፣ ተገቢ ነው። ሠራተኛዋ ጓንት አድርጋ ክዳኑን ስትከፍተው የኮረሪማና የኮሰረቱ ሽታ ቦታውን ሞላው። እሷ ራሷ ቀና ብላ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «የእናቴ ነው» አልኳት። ስለ ቅቤው ነበር የጠየቀችኝ፣ ሌላ መልስ ግን አልመጣልኝም።

በርበሬውን ፉትስክሬይ ከሚባል ሰፈር ገዛን፣ እዚያ የሀበሻ ሱቅም ምግብ ቤትም አለ። ቅቤውን ጨው ከሌለው የሱፐርማርኬት ቅቤ አነጠርን። ሽንኩርቱን ለማቁላላት ሦስት ሰዓት ፈጀብን፣ ከውጭ ያለው ሙቀት አልበቃ ብሎ ምድጃው ሥር ቆመን። መሀል ላይ የጭስ ማንቂያው መጮህ ጀመረ፣ አንዳችን ወንበር ላይ ወጥተን በትሪ እያራገብን አንዳችን እያማሰልን። ዶሮው ደግሞ ላባ የለው ሆድቃ የለው፣ በፕላስቲክ የታሸገ ነው። 12 ብልት አድርገን በሎሚና በጨው አጠብነው። ወጡ ውስጥ ሲገባ ግን ገና ከመፍላቱ ሥጋው ከአጥንቱ ተለያየ። ለስላሳ ነው የእነሱ ዶሮ፣ ጥቂት ሳምንት ቢያድግ ነው። የእኛዋ ዶሮ እኮ ስንት ሰዓት ፈልታ ነው ቅርጿን ይዛ የምትወጣው። ፈረሰኛው የቱ እንደሆነ እንኳ መለየት አቃተን። የባሕር ዳሯ ልጅ ማማሰያውን አስቀምጣ ዝም አለች። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለዶሮው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ማታ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከምንኖርበት በባቡር አንድ ሰዓት ይርቃል። ነጠላችንን ቦርሳ ውስጥ ከተን ስንደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐይዋ ግን አለች። እዚያ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሰዉ ነጭ ለብሶ ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ ጧፍ ተለኩሷል። ነበልባሉ ግን አይታይም። ብርሃኑ በዛበት። ጧፉ በሙቀቱ ለስልሶ እጄ ላይ ጎበጠ። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ነገር አለ። ካህናቱ አሉ፣ ጸናጽሉ አለ፣ ዜማው ያው ነው፣ አጠገቤ ያሉት እናት እንደ እማዬ ነው የሚሰግዱት። ሌሊቱ ብቻ የለም። ሌሊት የሌለው ገና።

ቅዳሴው እስኪያልቅ መቆየትም አልቻልኩም። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፣ በማግሥቱ ደግሞ ጠዋት ገቢ ነበርኩ። የሥራ ቀን ነው እዚያ። ማንም አያውቀውም።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነበር። በእኛና በእነሱ መሀል በዚያ ወቅት 8 ሰዓት ልዩነት አለ። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሻይ እያደልኩ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ቅዳሴ ወጥቷል፣ ሰዉ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ እየገባ ነው። እጄ ቆመ መሰለኝ፣ ሻይ የምሰጣቸው አሮጊት «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። የመርሳት ሕመም አለባቸው፣ ስሜን በየቀኑ ነው የምነግራቸው። «ዛሬ እኛ አገር ገና ነው» አልኳቸው። ሌላው ሰው ሁሉ እንዴት፣ ለምን፣ አልፎ የለም እንዴ ብሎኛል። እሳቸው አልገረማቸውም። እጄን ያዙና «እንኳን አደረሰሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ በእንግሊዝኛ፣ ግን በአማርኛ ስመልሰው እንዲያ ነው የሚሆነው። ፊታቸው በራ። ከዚያ መስኮቱን እያዩ ቤተሰቦቻቸው ስንት ሰዓት እንደሚመጡ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሻዩን አቀዘቀዝኩላቸው፣ ትንሽ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

የምሳ ዕረፍቴ ላይ ስልኬን ከሎከር አውጥቼ መኪና ማቆሚያው ጋ ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዲት ዛፍ ሥር ቆሜ ቤት ደወልኩ። እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። እማዬ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላለች። «በላችሁ?» አልኳት። «እነሱ በልተው ተኙ።» «አንቺስ?» ዝም አለች። ለካ አልበላችም። ከ40 ቀን በላይ ጾማ፣ ሌሊቱን ቆማ፣ ሰዓት ተኩል ሙሉ መሶቡን ከፊቷ አድርጋ ስልኬን ትጠብቃለች። «ብቻዬን አይወርድልኝም» አለች።

እንቁላሏን ለሁለት ከፈለች። ከዚያ ቆንጆ አድርጋ ጠቀለለችና «በይ ተቀበዪ» ብላ ወደ ስልኩ አመጣችው። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። እውነት እላችኋለሁ፣ አፌን ከፈትኩ። እዚያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በዩኒፎርም፣ በጠራራ ፀሐይ። የወጡ ቅቤ መስታወቱ ላይ ተቀብቶ እማዬ የምትታየኝ በጭጋግ ውስጥ ሆነ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ይባስ አደበዘዘው። ጉርሻውን እሷው በላችልኝ። ስታኝክ ይሰማኛል። አላወራንም፣ እስክትጨርስ አየኋት። ከአፏ እንፋሎት ይወጣል። የቤቱ ብርድ ነው። ያንን እንፋሎት ሳይ ነው ያለቀስኩት፣ ጉርሻው ላይ አይደለም።

አሁን ተመልሻለሁ። እዚህም ቢሆን ሁሉም እንደነበረ አይደለም። የግቢያችን ሰው ግማሹ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄዷል፣ ዶሮ የምንለዋወጣቸው እናቶች ዛሬ ሌላ ሰፈር ናቸው፤ ነገ ቡና ላይ ስንት ሲኒ እንደሚቀርብ አላውቅም። ብርዱ ግን አለ። ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ስከትፍ እግሬ ደንዝዞ ነበር፣ እማዬ «ካልሲ አድርጊ» ስትለኝ እምቢ አልኩ።

ሰዓቱ... 5 ሰዓት ሊሆን ነው። ሜልቦርን አሁን ጠዋት 1 ሰዓት ሊሆን ነው። የባሕር ዳሯ ልጅ አሁንም እዚያው ናት፣ ዛሬ ሥራ አላት፣ ከመውጣቷ በፊት ልደውልላት ተቀጣጥረናል። ስልኩን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እገባለሁ፣ ከሰው ጀርባ ቆሜ ጧፉን አሳያታለሁ። እዚህ ጨለማ ስለሆነ ነበልባሉ በደንብ ይታያታል።

እማዬ በሩን እያንኳኳች ነው። ሰማችኋት? «ጋቢ ደርቢ፣ ውጭው ውርጭ ነው» ነው የምትለው። መጣሁ እማዬ። እንኳን አደረሳችሁ፣ ቻው።