«ግንኙነታችሁ እንዴት ነው?»

እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ የማወራችሁ የወሲብ ፍላጎትን የሚለካ መጠይቅ ስለማዘጋጀት ነው። ከኋላ ያላችሁ ከጀመራችሁ አይቀር ሳቁና ጨርሱ፤ መስክ ስትወጡ ተጠያቂዎቹም መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ይዤ የወጣሁት መጠይቅ ላይ «ባለፉት 4 ሳምንታት ከባለቤትዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት እንዴት ነበር?» የሚል ነበረበት። አንዲት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ተመስገን ነው ልጄ፣ ተግባብተን ነው የምንኖረው» አሉኝ። እኔም «በጣም ጥሩ» የሚለውን አከበብኩ። ማታ ቤት ገብቼ ነው የነቃሁት። እሳቸው የነገሩኝ ስለ ትዳራቸው፣ እኔ የመዘገብኩት ስለ መኝታቸው! ደግሞ እኮ በሁለት ሳምንቱ ተመልሼ ብጠይቃቸው ያንኑ ነበር የሚመልሱልኝ። መልሱ አይዋዥቅም፤ ተዓማኒነቱ ግሩም ነው፤ የለካው ግን ሌላ ነገር ነው።

ክሮንባክ አልፋም፣ ማለት የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚነግረን ቁጥር፣ ያታልላል። «ፍላጎት አለዎት?»፣ «ፍላጎት ይሰማዎታል?»፣ «ፍላጎትዎ ይመጣል?» እያላችሁ አንዱን ጥያቄ በሦስት ልብስ ብታቀርቡት አልፋው ሰማይ ይነካል።

ተመራማሪዎቹ እነ ስፔክተር በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ባለ 14 ጥያቄ መጠይቅ ፍላጎትን ከድርጊት ለይተውታል፣ ከሰው ጋር የመሆንንም ፍላጎት ለብቻ ከሚሆነው እንዲሁ። ልክ ናቸው። ባሏ አረብ አገር ያለ ሴት «ስንት ጊዜ?» ተብላ «ዜሮ» ብትል ስለ ፍላጎቷ ምን ነገረችን?

የጊዜው ነገር ደግሞ አለ። ፍሊባንሰሪን የተባለው የሴቶች የወሲብ ፍላጎት መድኃኒት ሲሞከር በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሰሜን አሜሪካ ጥናቶች ሴቶቹ ፍላጎታቸውን በየቀኑ ይመዘግቡ ነበር፤ በዚያ ሲለካ መድኃኒቱ ከባዶው ክኒን ያን ያህል አልተለየም። ያለፉትን 4 ሳምንታት የሚያስታውሱበት መጠይቅ ግን ልዩነት አሳየ፣ እሱም ባለ 19 ጥያቄ ሆኖ ስለ ፍላጎት የሚጠይቀው በ2ቱ ብቻ ነው። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ለፈቃድ ቀርቦ በ2010 እ.ኤ.አ. ወድቆ በ2015 ጸደቀ። አያችሁ፣ ሜትሩ ሲቀየር ቁመቱም ተቀየረ።

እኛ ጋ ደግሞ 4 ሳምንት ስትሉ ዐቢይ ጾም መሃል ልትገቡ ትችላላችሁ። 55 ቀን ነው፤ የሚጾም ባልና ሚስት አልጋም ይለያል። የመጀመሪያውን ዙር ከቅበላ በፊት፣ ድጋሚውን በጾሙ ብትጠይቁና ውጤቱ ባይገናኝ መጠይቁን አትርገሙት፣ ካላንደር እዩ።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ወረቀት አንሱ። 3ኛው ጥያቄ «ሰሞኑን ስሜትዎ እንዴት ነው?» ይላል። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ምን እንደገባው ጠይቁት። እኔ ትናንት ማታ ባለቤቴን ጠይቄያት «ኧረ ሰሞኑን ትንሽ ከፍቶኛል፣ ምነው፣ ያስታውቃል እንዴ?» አለችኝ።