እንገር፦ ወተቱ እስኪሞላ ያሉት ሦስት ቀናት

[ምስል፦ መሀል አዲስ አበባ፣ ማለዳ። የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል መግቢያ። አራስ ጠያቂዎች ፔርሙዝና የምግብ ዕቃ ይዘው ይገባሉ።]

ተራኪ፦ ፔርሙዙ ውስጥ አጥሚት አለ፣ በምግብ ዕቃው ገንፎ። ሁለቱም ለአራሷ ናቸው፤ ደግ አድርገዋል። ለሕፃኑ ግን ከቤት የሚመጣ ነገር የለም። ስኳር ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ለጋ ቅቤም አያስፈልገውም። የእሱ ምግብ ከመወለዱ ወራት አስቀድሞ ተዘጋጅቷል።

[ምስል፦ የጡት ውስጣዊ ክፍል ሥዕል፤ ወተት አመንጪዎቹ ከረጢቶች በቢጫ ቀለም ይሞላሉ።]

ጡት እንገር ማዘጋጀት የሚጀምረው በእርግዝናው አጋማሽ ላይ ነው። አንዳንዷ በመጨረሻዎቹ ወራት ልብሷ ላይ እርጥበት ታያለች፤ ሌላዋ አንድ ጠብታ እንኳ ሳታይ ትወልዳለች። ይህ ከወሊድ በኋላ ስለሚኖራት ወተት የሚናገረው ነገር የለም። በእርግዝና ወቅት ወተቱ እንዳይበዛ የሚገታው በዋናነት ከእንግዴ ልጁ የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ይህ ሆርሞን በፍጥነት ይቀንስና ወተት አምራቹ ፕሮላክቲን መንገድ ያገኛል። ቢሆንም ጡት ግጥም ብሎ የሚሞላው ከወሊድ በኋላ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው እስከዚያ ባሉት ቀናት ነው። ጡቱ ለስላሳ ነው፣ ሲጫኑት የሚወጣው ጥቂት ወፍራም ቢጫ ጠብታ ነው፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። አንዷ ጠያቂ «ወተት የለሽም እኮ፣ ልጁ ራበው» ትላለች። በፍቅር ነው የምትለው፤ ግን ተሳስታለች።

[ምስል፦ የሻይ ማንኪያ፤ በውስጡ ቢጫ እንገር። ጽሑፍ፦ 5 ሚሊ ሊትር]

መጠኑን በቁጥር እንየው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚጠባው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በ2ኛው ቀን ከ5 እስከ 15፣ በ3ኛው ቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የአራስ ሆድ ትንሽ ነው፤ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራትንም ገና እየለመደ ነው። ስለዚህ መጠኑ ለእሱ ልክ ነው። የሚያስፈልገው ቶሎ ቶሎ መጥባት ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር።

ቢጫ ቀለሙ የመጣው ከካሮቲን ነው፤ እንገር በቫይታሚን ኤ የበለፀገ ነው። ከኋላ ከሚመጣው ወተት ይልቅ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ቅባቱ ትንሽ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው በውስጡ ያለው የመከላከያ ኃይል ነው፦ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ላክቶፌሪን፣ በተለይም ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል የሕፃኑን አንጀት ግድግዳ ይሸፍንና ጀርም እንዳይጣበቅበት ያደርጋል። እናትየው በኑሮዋ ያገኘቻቸውን ጀርሞች ሰውነቷ ያውቃቸዋል፤ ልጁም የሚያድገው እዚያው ጀርም መካከል ነው። ይህን በፋብሪካ የተሠራ የዱቄት ወተት ሊተካው አይችልም።

እንገር አንጀትንም ያለሰልሳል። ጥቁሩና እንደ ሬንጅ የሚያጣብቀው የመጀመሪያ ካካ ቶሎ ይወጣል። ካካው ውስጥ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር አለ፤ ሲዘገይ ቢሊሩቢኑ ተመልሶ ወደ ደም ይገባና የሕፃኑን ቆዳና ዓይን ቢጫ ያደርጋል።

[ምስል፦ የማዋለጃ ክፍል። ራቁቱን የሆነ አራስ በእናቱ ደረት ላይ፣ ጀርባው በደረቅ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ራሱ ላይ ኮፍያ።]

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዚህ ጊዜ ውስጥ የጀመሩት 73 በመቶ ያህል ነበሩ። ያቺ ሰዓት የተመረጠችው ሕፃኑ ንቁ ስለሚሆንባት ነው፤ ካለፈች ረዘም ያለ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ መቀስቀሱም ያስቸግራል። እናትና ልጅ ደህና ከሆኑ ሚዛኑ፣ የዓይን ቅባቱና የቫይታሚን ኬ መርፌው ከጠባ በኋላ ይደርሳሉ። ገላውን ማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ የበረደው ሕፃን በደንብ አይጠባም። ጡት ሲጠባ ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ስለሚለቀቅ ማህፀን ይኮማተራል፣ የእናትየውም ደም መፍሰስ ይቀንሳል። ሲጠባ የሚሰማት የሆድ ቁርጠት ከዚህ የመጣ ነው።

በቀዶ ሕክምና የወለደችም እንገር አላት። ከወገብ በታች ብቻ ከደነዘዘች እዚያው ማጥባት ትችላለች፤ ሙሉ ሰመመን ከወሰደች ነቅታ ልጁን መያዝ ስትችል ትጀምራለች። ቁስሉ እንዳይነካ በጎኗ ተኝታ ወይም ልጁን በብብቷ ሥር ይዛ ብታጠባ ይቀላታል።

[ምስል፦ አያያዝ፣ በቅርበት።]

የሕፃኑ ሆድ ከእናቱ ሆድ ጋር ይግጠም፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። አፍንጫውን ከጡት ጫፍ ትይዩ አድርገው፣ አፉን በሰፊው ሲከፍት ልጁን ወደ ጡት ያምጡ፤ ጡቱን ወደ ልጁ አይጎትቱ። በትክክል ከያዘ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክብ ከታች ይልቅ ከላይ በኩል ይበልጥ ይታያል። የማያባራ ሕመም ካለ ጫፉን ብቻ ይዟል ማለት ነው። ጫፉ ይቆስላል፣ እንገሩም አይወጣም። ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብተው ያላቁትና እንደገና ያስይዙት።

ልጁ ያለ ጊዜው ከተወለደ ወይም መሳብ ካቃተው እንገሩ በእጅ ይታለባል። ጥቂት ስለሆነ የወተት ማለቢያ ማሽን ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ ይሻላል።

[ምስል፦ በጡት ሞዴል ላይ የሚሠራ እጅ።]

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጡትን በሞቀ ጨርቅ ያሙቁ፣ በዝግታ ያሹ። አውራ ጣትን ከላይ፣ ሌባ ጣትን ከታች፣ ከጫፉ 2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አርቀው ያስቀምጡ። መጀመሪያ ወደ ደረት ይግፉ፣ ከዚያ ጣቶቹን ያገናኙ፣ ይልቀቁ። ቆዳው ላይ ጣት አያንሸራትቱ፤ ጫፉንም አይጭመቁ፤ ያማል እንጂ ወተት አያመጣም። የመጀመሪያው ጠብታ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ አይተዉት። ሲቀንስ ጣቶቹን ዙሪያውን ያዛውሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጡት ይሂዱ። በንጹሕ የሻይ ማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይቀበሉት፤ በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ ይድገሙት። ለጤነኛ ሕፃን የታለበው ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ ከታለበ በኋላ እስከ 4 ሰዓታት ድረስ ይቆያል። መብራት በሚመላለስበት ቤት ፍሪጅን ከመተማመን ትኩሱን መስጠት ይሻላል።

አሁን ወደ ስኳር ውሃውና ወደ ቅቤው እንመለስ። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጀርም ይዘው ይገባሉ። ሁለተኛ፣ ሆዱ የሞላ ልጅ ጡት አይስብም፤ ያልተሳበ ጡት ደግሞ ተጨማሪ ወተት አያመርትም። ከዚያ «ወተት የለሽም» የተባለው ነገር እውነት ይመስላል፤ ጡጦ ይገዛል፣ ጡቱም ይበልጥ ይቀንሳል። እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ መድፋትም እንዲሁ የልጁን ክትባት እንደ መድፋት ነው። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት እናትም አትደፋውም፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ ልጁም የታዘዘለትን መከላከያ እየወሰደ፣ ጡት ብቻ ታጠባለች።

[ምስል፦ ዳይፐሮች በተርታ፤ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ቀን።]

በቂ ማግኘቱ የሚታወቀው በዳይፐሩ ነው። በ1ኛው ቀን ቢያንስ አንድ ሽንት፣ በ2ኛው ሁለት፣ በ3ኛው ሦስት፤ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ስድስትና ከዚያ በላይ። ካካው ከጥቁር ወደ አረንጓዴ፣ በ5ኛው ቀን ገደማ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ክብደቱ መጀመሪያ ይቀንሳል፤ 10 በመቶ ከደረሰ ግን መታየት አለበት። 3.2 ኪሎ የተወለደ ልጅ 2.88 ከደረሰ ማለት ነው። በ2 ሳምንት ውስጥ የልደት ክብደቱን ሊመልስ ይገባል።

በ3ኛው ቀን ገደማ ጡቱ ጠጥሮ ቢወጠርና ልጁ መያዝ ቢያቅተው፣ ከማጥባት በፊት ጥቂት አልቦ ጥቁሩን ክብ ማለስለስ፣ ካጠቡ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል።

ልጁ መጥባት ካቆመ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ወይም ቢጫው መዳፉና የእግሩ መርገጫ ከደረሰ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። በመንገድ ላይም ደረትዎ ላይ አቅፈው ያሙቁት፤ መጥባት ከቻለ ያጥቡት።