ጎማ የሚለቅሙ አዳኞች

አቅራቢው፦ እንደምን ቆያችሁ፣ አድማጮቻችን። የዛሬው ጉዳያችን በአሜሪካ ሜይን ግዛት የግል መሬታቸውን ለአዳኝና ለዓሣ አጥማጅ ክፍት የሚያደርጉ ባለመሬቶችና ያንን መሬት የሚያጸዱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አስቀድሜ ግን ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማደን የሚያስፈቅደው ዕጣ ዘንድሮም እንዳልወጣልኝ ማሳወቅ አለብኝ።

አቅራቢዋ፦ ጋሼ፣ ይህን ዜና በየዓመቱ እንሰማዋለን። ቢወጣልህስ ሥጋውን ማን ይበላልሃል?

አቅራቢው፦ እኔው ነኛ! ሙስ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ የአጋዘን ወገን ስለሆነ በኦሪት ሕግ የሚከለክለው የለም።

አቅራቢዋ፦ ሰኮናውን መች ተጠራጠርሁ፤ በጥይት የወደቀውን ማን ባርኮ ያርደዋል ነው የምልህ። እናቴ ብትሰማህ ከገበታዋ ታስነሣሃለች።

አቅራቢው፦ ጥብሱ ሲሸታቸው ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል። ለማንኛውም፣ በሜይን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የግለሰቦችና የኩባንያዎች ነው። ያም ሆኖ መግባት የሚከለክል ሰሌዳ ወይም ዛፍ ላይ የተቀባ ሐምራዊ መስመር እስካልታየ ድረስ ሰው ገብቶ ማደኑ የቆየ ልማድ ነው። ዓሣ አጥማጁ ከዚህም የጠነከረ መብት አለው፤ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት በ1640ዎቹ ያወጣውና ሜይን የወረሰችው ድንጋጌ ከ10 ኤከር (አራት ሄክታር ገደማ) የሚበልጡ የተፈጥሮ ሐይቆችን የሕዝብ ስላደረጋቸው፣ ባልለማ መሬት ላይ በእግሩ አቋርጦ ውኃው ዘንድ መድረስ ይችላል። አዳኙ ግን በባለመሬቱ ትዕግሥት ነው የሚኖረው።

አቅራቢዋ፦ ትዕግሥቱን የሚያስጨርሰው ምንድን ነው?

አቅራቢው፦ ጎማ ነዋ! አሮጌ ጎማ፣ ሶፋ፣ ማቀዝቀዣ። በሌሊት አምጥቶ የሚደፋው ሰው አዳኝ ላይሆን ይችላል፤ ባለመሬቱ ግን ጠዋት ሲያገኘው የሚጠረጥረው አዳኙን ስለሆነ ሰሌዳውን ይሰቅላል፣ መሬቱም ለሁላችንም ይዘጋል። ለባለመሬቶች ምስጋና ተብሎ በተሰየመው የጽዳት ቀን አዳኞችና የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንኖች አብረው የሚወጡት ለዚህ ነው። እኔም ሄጄ አንዱን ጎማ ሳነሣ ውስጡ የከረመው የዝናብ ውኃ ሱሪዬ ላይ ተደፋ...

አቅራቢዋ፦ የሙስ ዕጣ ያጣኸው በዚያ ሽታ ይሆናል።

አቅራቢው፦ ሳቂ፣ እህቴ! መጀመሪያ ክንዳቸውን አጣምረው የተመለከቱን ባለመሬት ግን በኋላ ትራክተራቸውን አስነሥተው መጡ።

አቅራቢዋ፦ መልካም፤ ነገር ግን ጥፋተኛው ሳይቀጣ ለቃሚው የሚደክምበት ሥርዓት አይዋጥልኝም። የሞንታና ግዛት መሬታቸውን ለሚከፍቱ ባለመሬቶች ክፍያ ትሰጣለች፤ ሜይንስ ለምን አትከፍልም?

አቅራቢው፦ ገንዘብ ከገባበት ጉርብትናው ወደ ኪራይ ይለወጣል። በነፃ ያስገባ ባለመሬት፣ እንግዳው ቢጎዳ በአብዛኛው እንዳይጠየቅ ሕጉ ይጠብቀዋል፤ ከዚህ በላይ የሚፈልገው ንጽሕናና አክብሮት ነው።

አቅራቢዋ፦ ንጽሕና ግብር አይከፍልም፣ ጋሼ። ለጎማው ማስወገጃ የሚወጣው ገንዘብስ?

አቅራቢው፦ ለማስወገጃው ቢከፈል እስማማለሁ፤ ለመግቢያው ግን አይሆንም። የእሑዱን ነገር ተመልከቺ። በሜይን እሑድ ማደን ከ1883 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በ2021 ሕዝቡ የምግብ መብትን፣ ማለትም የመረጡትን ምግብ የማምረት፣ የመሰብሰብና የመመገብ መብትን፣ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ካጸደቀ በኋላ አዳኞች ይህን ይዘው ቢከሱም፣ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2024 እገዳውን አጽንቶታል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የምሠራ ሰው በመሆኔ እሑድ ቢፈቀድልኝ ደስ ባለኝ፤ ሆኖም ብዙ ባለመሬቶች በዚያ ቀን በጫካቸው ተኩስ መስማት አይሹም።

አቅራቢዋ፦ እሑድማ ቅዳሴ አለብህ።

አቅራቢው፦ ቅዳሴው ባይኖርም፣ አንዷን ቀን አስፈቅዳለሁ ብዬ ስድስቱን በሰሌዳ ማጣት አያዋጣኝም።

አቅራቢዋ፦ በእሑዱ ተስማምተናል። በክፍያው ግን አላሳመንኸኝም፤ የሞንታናን አሠራር በሚቀጥለው ዝግጅታችን ይዤልህ እመጣለሁ።