እንጨቱን አግድም ማሻገር፦ በጠረጴዛ መጋዝ ጎድጓዳ ቦይ አወጣጥ

ሚጣ፦ ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ጋሼ ዛሬ አንድ ነገር በብብታቸው ሸጉጠው ነው የገቡት። አራት ጠባብ ጣውላ፣ አራት ብሎን። እኔማ የተሰበረ የፎቶ ፍሬም መስሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ ኧረ ተይ! ፍሬም አይደለም። ማዕዘን መፈለጊያ ነው። በጠረጴዛ መጋዝ፣ ክብ ዲስኩ ከጠረጴዛው መሃል ብቅ በሚለው ማሽን፣ ቦይ ለማውጣት የሠራሁት ጂግ፣ ማለትም አጋዥ መሣሪያ። ከቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

ሚጣ፦ ቦይ ሲሉ አድማጭ የውሃ ቦይ እንዳይመስለው።

ጋሼ፦ እውነትሽን ነው። ኮቭ የሚሉት ነው። ጣውላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ፣ ሰርጎድ ያለ ቅስት። ግድግዳና ጣሪያ ሲገናኙ መሃላቸው የሚለጠፈውን ጌጥ አስቢ። ሆዱ ገባ ያለ ነው አይደል? እሱ ነው። ቁም ሳጥን አናት ላይም ታዪዋለሽ። ትንሹን በራውተር፣ በሚሽከረከረው የእጅ መፈልፈያ ማሽን፣ ታወጪዋለሽ። ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግን የሚበቃ ቢት፣ ማለትም የራውተር መቁረጫ ብረት፣ በቀላሉ አይገኝም።

ሚጣ፦ ግን እኮ ዲስኩ ጠፍጣፋ ነው። ቅስቱ ከየት ይመጣል?

ጋሼ፦ ሳህን አንሺ። ፊት ለፊት ስታዪው ምንድን ነው?

ሚጣ፦ ክብ።

ጋሼ፦ በጎኑ ስታዞሪው ቀጭን መስመር ይሆናል። መሃል ላይ ጠመም አድርገሽ ስትይዢውስ?

ሚጣ፦ ሞላላ።

ጋሼ፦ በቃ፣ እሱ ነው ነገሩ። እንጨቱን እንደ ወትሮው ከዲስኩ ጋር ትይዩ ስትገፊው ቀጭን መስመር ይቆረጣል። ሰያፍ ስታሻግሪው ሞላላ ይፈለፈላል። በ90 ዲግሪ ካሻገርሽው ደግሞ የእውነተኛ ክብ ቁራጭ ታገኛለሽ። ማዕዘኑ ባነሰ ቁጥር ቦዩ ይጠባል፤ ጥልቀቱ ግን ያው ነው።

ሚጣ፦ ስለዚህ የዲስኩ ከፍታ ጥልቀቱን ይሰጣል፣ ማዕዘኑ ደግሞ ስፋቱን።

ጋሼ፦ ሰው የሚሳሳተው ማዕዘኑ ላይ ነው። በግምት ይይዘዋል። አሥር ጊዜ አሳልፎ ሲለካው 8 ያለው 9 ሆኖ ቁጭ ይላል። የተፈለፈለ እንጨት ደግሞ አይሞላም።

ሚጣ፦ እኔ ትናንት ማታ ሒሳቡን ሠርቼው መጥቻለሁ። አይሳቁብኝ።

ጋሼ፦ ማን ሳቀ? በይ እስቲ።

ሚጣ፦ ዲስኩ ዲያሜትሩ 250 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የምንፈልገው ቦይ ጥልቀቱ 20፣ ስፋቱ 80። ከ250 ላይ 20 ሲቀነስ 230። በ20 ሲባዛ 4600። ስኩዌር ሩቱ 67.8። እጥፉ 135.6። ይሄ ከጠረጴዛው በላይ የወጣው የዲስኩ ክፍል ከፊት እስከ ኋላ ያለው ርዝመት ነው። 80ን ለ135.6 ሳካፍለው 0.59 መጣ። ሳይኑ 0.59 የሆነ ማዕዘን 36 ዲግሪ ነው።

ጋሼ፦ ጎበዝ! እኔ ግን ጠዋት በዚሁ ልክ ጂጉን ዘርግቼ ማዕዘኑን ስለካው 35 ነው ያለኝ።

ሚጣ፦ ምነው? የት ተሳሳትኩ?

ጋሼ፦ አልተሳሳትሽም። ዲስኩን እንደ ወረቀት ነው የቆጠርሽው። ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ሰያፍ ሲሆን ያ ውፍረት ስፋቱ ላይ ይጨመራል። በ36 ብትሄጂ 82 ተኩል አካባቢ ታገኛለሽ። ጂጉ የሚነካው ጥርሱን ራሱን ስለሆነ ውፍረቱን አብሮ ይቆጥረዋል።

ሚጣ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። አሠራሩን ይንገሩን።

ጋሼ፦ ሁለት ረጃጅም ጣውላ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሁለት አጫጭር፣ 30 ይበቃል። ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ይሁን፤ እኔ ፕላይውድ ነው የወሰድኩት። ረጃጅሞቹን ደራርበሽ አንድ ላይ ትበሺአቸዋለሽ። አጫጭሮቹንም እንደዚያው። ለየብቻ ከበሳሽ ግን በቀዳዳዎቹ መሃል ያለው ርቀት ትንሽ ይለያያል፤ ያኔ ጣውላዎቹ ትይዩ መሆናቸው ይቀራል። ጂጉ ደግሞ ሥራው ሁሉ ትይዩ መሆን ነው። ከዚያ ረጃጅሞቹ ከታች፣ አጫጭሮቹ ከላይ ሆነው በብሎን ይያያዛሉ። የብሎኑን ራስ እንጨቱ ውስጥ ቅበሪው፤ አለዚያ ጠረጴዛውን ይጭረዋል። ዳዶው በእጅ የሚጠብቀው ባለ ክንፉ ይሁን።

ሚጣ፦ እሺ፣ ሲገፉት ይጠባል፣ ሲስቡት ይሰፋል። አሁን መጋዙ ላይ እናስቀምጠው።

ጋሼ፦ መጀመሪያ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ እጅሽ ጥርሱ አጠገብ ነው የሚቆየው። ከዚያ ዲስኩን እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጊው። የመጨረሻው ጥልቀት ማለት ነው። እኔ አንዴ ዲስኩ ዝቅ እንዳለ ማዕዘኑን ያዝኩ። ምን ሆነ መሰለሽ? ለዝቅተኛው ዲስክ የሚሆን ማዕዘን ለከፍተኛው አይሆንም። ቦዩ ሰፍቶ ሰፍቶ የእንጨቱን ዳር በላው።

ሚጣ፦ ውይ!

ጋሼ፦ የጂጉን ውስጠኛ ጠርዞች 80 ላይ ታጠብቂያለሽ። ከውስጥ ወደ ውስጥ ነው የሚለካው፣ ልብ በይ። ከዚያ ዲስኩን መሃል አስገብተሽ ጂጉን ቀስ እያልሽ ታዞሪዋለሽ። የፊተኛው ጣውላ ከፊት ያለውን ጥርስ ሲነካ፣ የኋለኛው የኋላውን ሲነካ፣ ቀጥ በይ። ዲስኩንም በእጅሽ አዙሪው፤ ጥርሱ ልክ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ጣውላውን ላስ አድርጎ ብቻ ማለፍ አለበት።

ሚጣ፦ ያን ቦታ እንዴት እንይዘዋለን?

ጋሼ፦ ጠረጴዛው ላይ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ። በጂጉ ውስጠኛ ጠርዞች ላይ በእርሳስ ሁለት መስመር አስምሪ። እነዚያ የቦይሽ ዳርና ዳር ናቸው። ጂጉን ከማንሳትሽ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ተንበርክከሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ በሁለቱ ጣውላ መሃል እዪ።

ሚጣ፦ ምን ይታየኛል?

ጋሼ፦ ቦዩ! ከጠረጴዛው በላይ የሚታይሽ የዲስኩ ጥላ የቦይሽ ቅርጽ ራሱ ነው፤ ተገልብጦ። አንድ እንጨት ሳትቆርጪ ቅርጹን ታዪዋለሽ። ካልወደድሽው ከፍታውንም ማዕዘኑንም እዚያው ትቀይሪዋለሽ።

ሚጣ፦ ይሄን ሳልሰማ ነው ሌሊቱን ሙሉ ሳይን ስቆጥር ያደርኩት!

ጋሼ፦ ሒሳቡም አይጎዳም።

ሚጣ፦ እሺ፣ መስመሩ ተሰመረ። መሪውን የት እናስረው?

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ቀስ እንበል። መሪ የምንለው እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበትን ቀጥ ያለ ጣውላ ነው። ከፊተኛው መስመር 15 ሚሊ ሜትር ወደ አንቺ አርቀሽ፣ ትይዩ አድርገሽ በሁለት ሞርሴቶ፣ በማጥበቂያ መቆንጠጫ፣ ታጠብቂዋለሽ። ያቺ 15 በቦዩ ዳር የምትቀረው ጠፍጣፋ ናት። በሌላኛውም ዳር እንደዚያው። እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ የሚቆመው በእነሱ ነው። ስለዚህ ለ80 ቦይ የ110 ስፋት እንጨት ያዢ። ውፍረቱ 30 ይሁን፤ ከቦዩ ጀርባ 10 ይተርፍሻል።

ሚጣ፦ መሪው ከዲስኩ ወዲያ ማዶ ቢሆንስ?

ጋሼ፦ እሱን ሞክሬዋለሁ፤ አትሞክሪው። የዲስኩ ጥርሶች ከላይ ወደ አንቺ ነው የሚመጡት። እንጨቱንም ወደ አንቺ ይገፉታል። መሪው ባንቺ በኩል ካለ እንጨቱ እሱ ላይ ይጣበቃል። ማዶ ካሰርሽው ግን ዲስኩ እንጨቱን ከመሪው አላቅቆ ይወስደዋል። የእኔው እስከ ግማሽ ደህና ሄደ። ከዚያ ራቅ አለ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ራቅ አለ። ቦዩ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። ማሽኑን አጥፍቼ ቆሜ አየሁት። ለአንድ ወር ስመርጠው የነበረ ጣውላ!

ሚጣ፦ አሁንም የቆጨዎት ይመስላሉ።

ጋሼ፦ ይቆጫል እንጂ! አሁን በማዶውም ሁለተኛ መሪ አስራለሁ። እንጨቱ በመሃላቸው እንዲንሸራተት ወረቀት የምታልፍበትን ያህል ክፍተት እተዋለሁ።

ሚጣ፦ የዲስኩ መከለያስ? እንጨቱ ሰያፍ ሲያልፍ አይገጭም?

ጋሼ፦ ይገጫል። ከዲስኩ ጀርባ የምትቆመው ምላስም ትገጨዋለች። ሁለቱም ይነሳሉ። ስለዚህ ተራውን ቀጥታ ቆረጣ ገና ያልለመደ ሰው እዚህ ሥራ ውስጥ አይግባ። ይሄን ሳላለዝብ ነው የምናገረው። እጅሽ መቼም በዲስኩ አናት አይለፍ፤ ዲስኩ እንጨቱ ስር ተደብቋል ብለሽ አትዘናጊ። ከታቹ ጎማ ያለው መግፊያ ሁለት ያዢ። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ለአቧራው ማስክ። አቧራው ጉድ ነው።

ሚጣ፦ በአንድ ጊዜ ስንት እንቁረጥ?

ጋሼ፦ ዲስኩን መልሰሽ ዝቅ አድርጊው፤ ከዚያ በየዙሩ ከፍ እያደረግሽው ነው የምትሄጂው። መጀመሪያ ላይ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥ። ዲስኩ በጥርሱ ጎን ነው የሚፍቀው፤ ለዚያ የተሠራ አይደለም። ለ20 ጥልቀት ቢያንስ 14 ጊዜ ማሳለፍ ማለት ነው።

ሚጣ፦ እሱንም አስልቼዋለሁ። በመጀመሪያዋ 1.5 ላይ ቦዩ ወዲያው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ግማሽ ጥልቀት፣ 10 ላይ ስንደርስ 58 አካባቢ ሆኗል።

ጋሼ፦ አየሽ! ከፍታውን በእኩል ብትጨምሪም ጥርሱ የሚፍቀው ቦታ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል፣ ያቃስታል። ስለዚህ ወደ መጨረሻው 1 አድርጊው። የመጨረሻዋን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በጣም በዝግታ፣ ግን ሳትቆሚ። መሃል ላይ ከቆምሽ የተቃጠለ ጥቁር ምልክት ትቶልሽ ይሄዳል። ሁለት ሦስት እንጨት ካለሽ ደግሞ በእያንዳንዱ ከፍታ ሁሉንም አሳልፊ፤ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ከሄድሽ ልኩ አይገጥምም።

ሚጣ፦ መጀመሪያ ላይ ቦዩ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ያደላ ቢመስልስ?

ጋሼ፦ አትደንግጪ። አንዳንድ መጋዝ ዲስኩን ቀጥ አድርጎ አያነሳውም፤ እንደ ማንሻ ክንድ በቅስት ነው የሚያነሳው። ከፍ እያለ ሲመጣ ማዕከሉ ይስተካከላል። መስመሩን ያወጣነው በመጨረሻው ከፍታ አይደል?

ሚጣ፦ አለቀ። አሁን ቦዩ ላይ የመጋዙ ጭረት ሞልቷል።

ጋሼ፦ ይሞላል፤ አሰልቺው ክፍል ይሄ ነው። ጠማማ መፋቂያ ብረት ካለሽ እሱ ይቀድማል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ ቁጥር 80፣ 120፣ 180። ጣትሽን ብቻ ከተጠቀምሽ ግን መሃሉ ይጎደጉዳል። ቦዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ አንጥፊበት፤ የመኪና ቦዲ የሚሞላበትን ስቱኮ አፍሺበት። ሲደርቅ አንስተሽ የብርጭቆ ወረቀቱን ለጥፊበት። የቦዩ ልክ የሆነ መፈግፈጊያ አገኘሽ። ከዚያ በኋላ ነው ዳር ዳሩን በ45 ዲግሪም በፈለግሽውም የምትቆርጪው። አስቀድመሽ ከቆረጥሽው መደገፊያ ጠፍጣፋው ይጠፋል።

ሚጣ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ለጥ ያለ ቦይስ ይቻላል?

ጋሼ፦ ዲስኩን ወደ ጎን አጋድይው፤ ይወጣል። ልኩን ግን በቁርጥራጭ ላይ ደጋግመሽ ነው የምትፈልጊው። በዓይንሽ እንደገና በጂጉ መሃል እዪ፤ ያደላውም ቅርጽ ይታያል።

ሚጣ፦ ይኸው አሁኑኑ ልሞክረው ነው። ጂጉን ያቀብሉኝ። መጋዙ ያው እዚያ ነው።

ጋሼ፦ ገመዱን ነቅለሻል?

ሚጣ፦ …አንዴ ይቆዩኝ።