ወተቱን የሚያነብ ዓይን ስኳሩንም ያንብብ
(ጎንደር ውስጥ ለተማሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ ልጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

በሑዳዴ አራዳ ካሉት ሱቆች ደጃፍ ቆመን ብስኩት ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የጾም ነው?» ብለን ነው። ባለሱቁ «አዎ» ቢለንም ገልብጠን ወተት የሚል ቃል እንፈልጋለን። እንግሊዝኛ የማናነብ ደግሞ ልጃችንን «እስኪ እይልኝ» እንላለን። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ከረሜላው ውስጥ ጄላቲን ካለ ከምን እንደተሠራ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የጎንደር ሰው ማሸጊያ አያነብም ቢሉኝ አልስማማም። እናነባለን። ዛሬ የምለምናችሁ ያው ዓይን ወተቱ ላይ ሳይቆም ወደ ስኳሩና ወደ ጨው እንዲወርድ ነው።

ከይዘቱ ዝርዝር እንጀምር። ዝርዝሩ በዘፈቀደ አልተደረደረም፤ በክብደት ብዙ የገባው ፊት፣ ትንሽ የገባው ኋላ ይጻፋል። የማንጎ ሥዕል ያለበትን ጁስ ገልብጡት። ውኃ፣ ስኳር፣ ከዚያ ማንጎ የሚል ከሆነ፣ ከማንጎው ይልቅ ስኳሩ በዝቶ ገብቷል ማለት ነው። ስኳርም በአንድ ስም ብቻ አይጻፍም። ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ ሱክሮስ ሁሉም ስኳር ናቸው። አንድ ብስኩት ላይ ከእነዚህ ሦስቱ ተለያይተው ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ወደ ኋላ ይወርዳሉ፤ አንድ ላይ ቢደመሩ ግን ፊት ላይ ይወጡ ነበር። ጿሚዎችም ዌይ፣ ካዜይንና ላክቶስ ከወተት የሚወጡ መሆናቸውን እወቁ። ኢ471 ተብሎ በቁጥር የሚጻፈው የምግብ ተጨማሪ ከአትክልትም ከእንስሳም ስብ ሊሠራ ይችላል፤ ምንጩ ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻ አይነግረንም።

አሁን ማሸጊያው ላይ የስኳሩንና የጨውን መጠን በቁጥር ወደሚያሳየው ሠንጠረዥ እንሂድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፤ ቁጥሩ የተሰጠው ለ100 ግራም ነው ወይስ ለአንድ ጊዜ መመገቢያ? 100 ግራም ብስኩት የያዘ ፓኬት «ለ25 ግራም» ብሎ ቢጽፍ፣ ልጁ ፓኬቱን ሲጨርስ የተጻፈውን አራት እጥፍ በልቷል። አንድ ለስላሳ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ስኳር አለው እንበል። 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 33 ግራም ይይዛል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሆነ ከስምንት ማንኪያ በላይ ነው። ከእኛ መካከል ለልጁ አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ስምንት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ወላጅ የለም፤ ጠርሙሱን ግን ለበዓል፣ ለልደት፣ ለእንግዳ ብለን በደስታ እንከፍትለታለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳ ለምግብና ለመጠጥ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። የልጅ ድርሻ ከዚህም ያነሰ ነው።

ጨው ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሶዲየሙን በ2.5 አባዙት፣ ጨው ይሆናል። ከቅመሙ ጋር 1,200 ሚሊ ግራም ሶዲየም ያለው አንድ ፓኬት ኑድል 3 ግራም ጨው አለው ማለት ነው፤ ለአዋቂ የሚመከረው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ቤታችሁ ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አያት ካሉ፣ ወጡ ላይ የሾርባ ኩብ ከመፍጨታችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ሥሩ።

ቀኑን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 06/2026 የሚለው በእኛ እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በእኛ ዓመት ያነበበ ሰው ግን ወደ ስምንት ዓመት ያህል ተጨማሪ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ጽሑፉ በአረብኛ ወይም በቱርክኛ ብቻ ሆኖ ቤት ውስጥ የሚያነበው ሰው ከሌለ፣ ለልጅ ባይገዛ እመርጣለሁ።

ብስኩት ጨርሶ አይግባ አልልም። በምሳ ዕቃው ውስጥ ግን ቆሎ፣ ሙዝና የቤት ዳቦ ቀዳሚውን ቦታ ቢይዙ ደስ ይለኛል፤ ለእነሱ ሠንጠረዥ ማንበብ አያስፈልግም።

ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጧቸው ባዶ ማሸጊያዎች ከፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ አሉ። ልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ወላጆች በማንኪያ አስሉ፤ እኔና መምህራኑ በየጠረጴዛው እየዞርን እናግዛለን። በጁሶቹ እንጀምር።